ቅርስ በሆነ የጭቃ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ስፕሪንክለር ማስገባት ይቻላል?

የሰበካው ጸሐፊ፦

ሰላም ለሁላችሁ። በእሳት መከላከል ሙያ ያላችሁ፣ ይልቁንም አሮጌ ሕንፃ ላይ ቧንቧ ዘርግታችሁ የምታውቁ፣ ምክራችሁን ፈልጌ ነው።

ከእንጦጦ ጀርባ፣ ወደ ሱሉልታ ከሚያወርደው አስፋልት ገባ ብሎ ባለ አንድ ደብር የሰበካ ጉባኤ ጸሐፊ ነኝ። ቤተ ክርስቲያናችን በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን የተሠራ ክብ ሕንፃ ነው፤ በቅርስነትም ተመዝግቧል። ግድግዳው ጭቃ፣ ምሰሶውና ወራጁ ጥድ፣ ጣራው ቀድሞ ሣር የነበረ በኋላ ቆርቆሮ የለበሰ ነው። የመቅደሱ ግድግዳ በውጭ በኩል ዙሪያውን ሸራ ላይ በተሳሉ ሥዕሎች ተሸፍኗል። ዕቃ ቤቱ ለብቻው ነው፤ የብራና መጻሕፍቱ እዚያ ናቸው።

ዘንድሮ የሚያፈስ ቆርቆሮ ለመቀየር ብለን ኮርኒሱን ስናስከፍት ያየሁት ነገር እንቅልፍ ነስቶኛል። ለሞንታርቦውና ለመብራቱ ከብዙ ዓመት በፊት የተዘረጋው የኤሌክትሪክ ገመድ ልባሱን አይጥ በልቶት መዳቡ ራቁቱን ወጥቷል። ከሥሩ ያለው ማገር ላይ የስኒ አፍ ስፋት ያለው ቦታ ከሰል ሆኖ ጠቁሯል፤ በጣቴ ስነካው ተፈረፈረ። ከጎኑ የወፍ ጎጆ ገለባና ከድሮው ጣራ የተረፈ ደረቅ ሣር ተከምሯል። እሳቱ አንድ ጊዜ ተነሥቶ በቸርነቱ በራሱ ጠፍቷል ማለት ነው። ገመዱን በማግስቱ አስቆረጥነው፤ አሁን የሚቀደሰው በጧፍ ብርሃን ብቻ ነው።

ውጭ አገር የሚኖሩ የደብሩ ልጆች «ገንዘቡን እኛ እናዋጣለን፣ ስፕሪንክለር ይግባ» ብለዋል፤ እሳት ሲነሣ ከጣራ ሥር ከተዘረጋ ቧንቧ በራሱ ውሃ የሚረጨውን መሣሪያ ማለታቸው ነው። ጉባኤው ግን አልተስማማም። መሪጌታ «እሳት ይመጣል ብለን ሥዕሉን በውሃ ልናጥበው ነው ወይ? አንድ ቱቦ ቢያፈስ ስንት ትውልድ የጠበቀው ቀለም በአንድ ሌሊት ይወርዳል» ይላሉ። ሐሳባቸው ከባድ ነው፤ እኔም አቅልዬ አላየውም። ወጣቶቹ የእሳት ማጥፊያ ሲሊንደር በየምሰሶው ከተሰቀለ ይበቃል ባይ ናቸው። አንድ ሻጭ ደግሞ በጋዝ የሚያጠፋ ሲስተም የዋጋ ማቅረቢያ ትቶልን ሄዷል።

እኔን የሚያስጨንቀኝ የውሃው ምንጭ ነው። የቧንቧ ውሃ በፈረቃ ነው፣ መብራቱንም ታውቁታላችሁ። በክረምት የእሳት አደጋ መኪና ዳገታችንን ልውጣ ቢል ጭቃው ይይዘዋል። መቅደስ ውስጥ ደግሞ ከካህናትና ከዲያቆናት በቀር የሚገባ የለም፤ ማን ይገጥመዋል፣ ሲበላሽስ ማን ይጠግነዋል? እባካችሁ በዝርዝር ጻፉልኝ፤ ለጉባኤው አንብቤ የማሰማው ነው።


ቧንቧ ዘርጊው፦

ሰላም ጸሐፊ። ዱባይም እዚህ አዲስ አበባም ፎቆች ላይ ስፕሪንክለር ስዘረጋ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ አሮጌ የእንጨት ቤት ላይም ሠርቻለሁ። የጻፉትን ሳነብ ያ የጠቆረው ማገር ከፊቴ አልጠፋ አለኝ።

ከመሪጌታ ፍርሃት ልጀምር። ብዙ ሰው ስፕሪንክለር የሚያውቀው ከፊልም ነው፤ አንዱ ክብሪት ሲጭር የሕንፃው ኮርኒስ በሙሉ ይዘንባል። እውነተኛው እንዲያ አይሠራም። ውሃው የሚረጭበት አፍ «ራስ» ይባላል፤ እያንዳንዱ ራስ ላይ ከትንሽ ጣት የምታንስ የብርጭቆ ብልቃጥ አለች፤ ውስጧ ፈሳሽ አለ። ሙቀት ሲደርስባት ፈሳሹ ያብጥና ብርጭቆዋን ይሰብራታል፣ የዚያችው ራስ ውሃ ብቻ ይወርዳል። ከጎኗ ያሉት ሙቀቱ እነሱም ጋ እስኪደርስ ዝም ብለው ይቀመጣሉ። ቀይዋ በ68 ዲግሪ፣ ቢጫዋ በ79፣ አረንጓዴዋ በ93 ነው የምትሰበረው። ጭስ አይከፍታትም። ማዕጠንት ቢሆን፣ ጧፍ ቢበራ ምንም አይነካትም።

አሁን ውሃውን እናስላ። አንዲት የተለመደች ራስ በ1 ባር ግፊት በደቂቃ 80 ሊትር ያህል ትሰጣለች። እሳት ገና ሲጀምር ሦስት ራሶች ቢከፈቱ 240 ሊትር ነው፤ ለግማሽ ሰዓት ቢፈስስ 7,200 ሊትር። የእሳት አደጋ ሠራተኛ በጎማ የሚረጨው ግን በደቂቃ ብዙ መቶ ሊትር ነው፤ የሚደርሰውም እሳቱ ጣራውን ከያዘ በኋላ ነው። በበር በኩል በኃይል የሚገባ ውሃ የጭቃ ግድግዳ ላይ ሲያርፍ ልስኑን ከነሸራው ይዞት ይወርዳል። እነሱ ሥራቸውን ነው የሚሠሩት፣ አልወቅሳቸውም። መሪጌታ ግን ማመዛዘን ያለባቸው ይህን ብዙ ውሃና ያንን ጥቂት ውሃ ነው። ጥድ እሳት ከያዘው ያለ ውሃ የሚያልፍ ሌሊት አይኖርም።

ስለ ውሃ ምንጩ፣ ዳገቱን እንደ ችግር ነው ያነሡት። ለእኔ ትልቁ ሀብታችሁ እሱ ነው። 10 ሜትር ከፍታ 1 ባር ግፊት ይሰጣል። ከቤተ ክርስቲያኑ በላይ 30 ሜትር ከፍ ያለ ቦታ ካላችሁ እዚያ ባለ 10,000 ሊትር ሮቶ ሁለት አስቀምጣችሁ ባለ 3 ኢንች ቱቦ ቀብራችሁ ማውረድ ነው። ፓምፕ አያስፈልግም፤ መብራት ቢጠፋ፣ ነዳጅ ባይኖር ውሃው ይወርዳል። ጃፓን ውስጥ ሺራካዋ በምትባል የሣር ክዳን ቤቶች መንደር እንዲሁ አድርገዋል፤ ተራራው ላይ ካለው ማጠራቀሚያ በራሱ ክብደት በሚወርድ ውሃ መንደሩን በሙሉ የሚሸፍኑ መርጫዎች ተክለው በየዓመቱ በመጸው ወራት ሁሉንም በአንድ ጊዜ ከፍተው ይሞክሯቸዋል። ሮቶዎቹ በፈረቃው ሌሊት ይሞላሉ፤ በክረምት የጣራ ውሃም ይያዝላቸዋል። አንድ ነገር አጥብቄ አደራ እላለሁ፦ ለመጠጥና ለእጥበት ውሃ ከዚያው ሮቶ መውሰድ ከፈለጋችሁ መውጫውን ከመካከል በላይ ብሱት። ከዚያ በታች ያለው ውሃ የእሳት ብቻ ይሁን። የንግሥ በዓል ቀን ሮቶው ተሟጥጦ ማታውን ባዶ ቱቦ ይዞ የሚያድር ደብር እንዳትሆኑ።

ራሶቹ ከኮርኒሱ በታችም በላይም ይግቡ። ከላይ ያለውን ክፍት ቦታ ብዙ ሰው ይረሳዋል፣ የእናንተ እሳት ግን የጀመረው እዚያ ነው። እንጦጦ ብርድ ነው ብላችሁ ከላይ ቀይዋን እንዳትገዙ፤ ቆርቆሮ በቀትር ፀሐይ ከሥሩ ያለውን አየር ክፉኛ ያግለዋል፣ ስለዚህ ከላይ አረንጓዴዋ፣ ከታች ቀይዋ ትሁን።

ብየዳ በፍጹም እዚያ ጣራ ሥር እንዳይገባ። ቱቦው ውጭ ተቆርጦ፣ ጥርስ ወጥቶለት፣ ውስጥ መገጣጠም ብቻ ነው። ስኮትላንድ የግላስጎው የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት እ.ኤ.አ. በ2018 የተቃጠለው እድሳት ላይ እያለ ነው፤ የውሃ ጉም የሚረጨው መሣሪያ ሊገጠምለት ተጀምሮ ገና ሥራ አልጀመረም ነበር። አሮጌ ሕንፃ በጣም የሚያሰጋው ሠራተኛ ገብቶበት ሳለ ነው። ገጠማው ሲያልቅም ወዲያው ውሃ አይሞላም። መጀመሪያ በ3 ባር ገደማ አየር ተሞልቶ ሙሉ 24 ሰዓት ይቆያል፤ የሚያፈስ መጋጠሚያ ካለ በአየር ይታወቃል፣ ሥዕል ላይ ጠብታ ሳይወርድ ይስተካከላል። የውሃው ግፊት ሙከራ ከዚያ በኋላ ነው።

የጋዙን ነገር ይተዉት። ጋዝ የሚሠራው በደንብ በታፈነ ክፍል ነው፤ ክብ ቤተ ክርስቲያን በሮቹም፣ መስኮቶቹም፣ የጣራው ሥርም አየር ያስገባሉ፣ ጋዙ ወዲያው ያመልጣል። ሲሊንደር ይኑር፣ ግን ሲሊንደር የሚያነሳው ሰው ይፈልጋል፤ ሌሊት በሩ ተቆልፎ ያለው አንድ ዘበኛ ነው። ዱቄት የሚረጨውን ደግሞ ከሥዕሉ አጠገብ አታስቀምጡ፤ ዱቄቱ ከቀለም ላይ በቀላሉ አይለቅም፣ ብረትም ይበላል።


ዲያቆንና ኤሌክትሪሺያን፦

ጸሐፊ፣ እግዚአብሔር ያበርታችሁ። እኔ በዲቁና አገለግላለሁ፣ የቀን ሥራዬ ኤሌክትሪክ ነው።

የመቅደሱ ነገር መፍትሔ አለው። ግድግዳውን መብሳት አያስፈልግም። ዋናው ቱቦ በቅኔ ማኅሌቱ በኩል ወጥቶ በጣራው ሥር ይዞራል፤ የመቅደሱ ግድግዳ ጣራውን በሚነካበት ቦታ በወራጆቹ መካከል ክፍተት ስላለ በዚያ አልፎ ከላይ ወደ ታች ይወርዳል። ጊዜውም አሁን ነው። ቆርቆሮው ሲቀየር ታቦቱ ወደ መቃኞ የሚወጣ ከሆነ የመቅደሱ ቧንቧ በዚያው መሐል ይሠራና ያልቃል፤ ይህን አጋጣሚ ካሳለፋችሁት በኋላ እንደገና ማስፈቀድ ከባድ ነው። ግን ከምንም በፊት ለሀገረ ስብከቱ በጽሑፍ አቅርባችሁ አስፈቅዱ። አባቶች ሳይባርኩት የገባ ነገር በኋላ መነታረኪያ ይሆናል።

ለዓመታዊው ምርመራ ከደብሩ ዲያቆናት ሁለት ሦስቱን አሠልጥኑ። የሚያዩት ነገር ከባድ አይደለም፦ ብልቃጧ ውስጥ ያለው ቀለም ያለው ፈሳሽ አለ ወይ፣ ቀለም ቀቢ አልቀባትም ወይ፣ ሸረሪት አላደራባትም ወይ፣ መጋረጃ ወይም ድባብ ተጠግቶ አልጋረዳትም ወይ። ከራሷ በታች ቢያንስ ግማሽ ሜትር ክፍት መሆን አለበት። ለበዓል ማስዋቢያ ጨርቅ ቱቦው ላይ የሚያስር ሰው እንዳይኖር ቄሰ ገበዙ ይቆጣጠሩ።

ሻጮች የጭስ መለያ መሣሪያ ግዙ ይሏችኋል። ለዕቃ ቤቱ ግዙ፤ ለቤተ መቅደሱ ግን አይሆንም። ዕጣን በታጠነ ቁጥር ይጮኻል፣ ዘበኛው ይሰለችና ባትሪውን ያወጣዋል፣ ከዚያ ወዲያ እንደሌለ ቁጠሩት። በጣራው ሥር የሚዘረጋ ሙቀት የሚለይ ገመድ አለ፤ የትኛውም ቦታው ላይ ከተወሰነ ዲግሪ በላይ ሲግል ደወል ያስደውላል፣ ጭስ አይመለከተውም። ባትሪ ይኑረው።

ደግሞ የመጀመሪያው ብር ለስፕሪንክለር አይደለም የሚወጣው፣ ለኤሌክትሪክ መስመር ዝርጋታው ነው። አዲሱ ገመድ በብረት ቱቦ ውስጥ ይሂድ፤ ማብሪያ ማጥፊያው ዋናው ከሕንፃው ውጭ ይሁንና ቅዳሴ አልቆ በር ሲቆለፍ መብራቱ ከውጭ ይቆረጥ። ይህ ብቻ የእሳቱን ዕድል ምን ያህል እንደሚቀንሰው በየቀኑ በሥራዬ አየዋለሁ።

ፈቃድን በተመለከተ፣ በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት በተመዘገበ ቅርስ ላይ የጥገና ሥራ የሚሠራው አስቀድሞ ሲፈቀድ ነው። የኢትዮጵያ ቅርስ ባለሥልጣን ጋ ስትሄዱ ባዶ እጃችሁን አትሂዱ፤ ቱቦው በየት እንደሚያልፍ፣ ስንት ቦታ እንደሚበሳ፣ የትኛው እንጨት ላይ እንደሚታሰር የሚያሳይ ንድፍና ፎቶ ይዛችሁ ሂዱ። አካባቢያችሁ በአዲስ አበባና በሸገር ከተማ ድንበር ላይ ስለሆነም ስትጣሩ የትኛው የእሳት አደጋ ጣቢያ እንደሚመጣላችሁ ከወዲሁ ጠይቁ፤ መጥተው መንገዱን ይዩት።


ሥዕል ጠጋኝ፦

በጥንታዊ ሥዕል ጥገና የምሠራ ነኝ። ቧንቧ ዘርጊው ወንድማችን ስለ ውሃው መጠን ያለው ትክክል ነው፤ ስለ ሥዕሉ ግን ትንሽ ልጨምር፣ የመሪጌታም ስጋት ከንቱ አይደለምና።

ሸራው ግድግዳው ላይ የተለጠፈው በማጣበቂያ ነው፤ ማጣበቂያው ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፣ ሸራው ይለቅቃል፣ ከኋላው ያለው ጭቃም አብሮ ይመጣል። ቀለሙ ላይ ያለው ችግር ቀጥሎ ነው የሚመጣው። ስለዚህ በቅድስቱ ውስጥ ራሶቹ ወደ መቅደሱ ግድግዳ ሳይሆን ወደ ውጨኛው ግድግዳ ተጠግተው ይቀመጡ፤ ወደ አንድ ጎን ብቻ የሚረጩ ዓይነቶች አሉ፣ አቅጣጫቸው ተጠንቶ ይመረጥ። ከሥዕሎቹ በላይ የቱቦ መጋጠሚያ እንዳይኖር፤ ቱቦው በዚያ ሲያልፍ ያለ መጋጠሚያ በአንድ ወጥ ይለፍ። ይህችን ቀላል ነገር ንድፉ ላይ ካላስጻፋችኋት ሠራተኛው በሚመቸው ቦታ ይገጣጥመዋል።

በእኔ ሙያ ያለን ሰዎች እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 26፣ 1949ን አንረሳትም። ጃፓን ውስጥ የሆርዩጂ ገዳም ዋና አዳራሽ ተቃጥሎ የጥንት የግድግዳ ሥዕሎቹ የጠፉበት ቀን ነው። በማግስቱ ዓመት ጃፓን የባህል ቅርስ ጥበቃ ሕግ አወጣች፤ ዛሬም በየዓመቱ በዚያ ቀን በመላ አገሪቱ ቅርስ ያለባቸው ቦታዎች የእሳት ልምምድ ያደርጋሉ። ቅርባችን ኡጋንዳ ደግሞ የካሱቢ የነገሥታት መቃብር እ.ኤ.አ. በ2010 በአንድ ማታ አመድ ሆኗል፤ ሣርና እንጨት ነበር፣ ልክ እንደ እኛ የድሮ ጣራ። እኛም ፒያሳ ላይ የጣይቱ ሆቴል በጥር 2007 ሲቃጠል አይተናል። ውሃ የነካውን ሸራ አድርቄ፣ አንጥፌ፣ ቀለሙን አጽንቼ የምመልስበት መንገድ አለኝ። የተቃጠለውን የምመልስበት የለኝም።

እኔ ብጠየቅ የምመርጠው የውሃ ጉም የሚረጨውን ነበር፤ ፓሪስ ኖትር ዳም እ.ኤ.አ. ከ2019ኙ እሳት በኋላ ሲታደስ ጣራው ሥር የገባለት እሱ ነው። ውሃው በጣም ትንሽ ነው፣ ለሥዕል ይሻላል። ባለሙያዎቹ ምን ትላላችሁ?

ከዚያ በፊት ግን አንድ ሥራ ዛሬውኑ ይጀመር፦ እያንዳንዱን ሥዕልና እያንዳንዱን የብራና መጽሐፍ በጥሩ ካሜራ አንሡ፤ አንዱን ቅጂ ከደብሩ ውጭ አስቀምጡ። ይህ ፈቃድም ብዙ ገንዘብም አይጠይቅም።


ቧንቧ ዘርጊው፦

እህቴ፣ የመጋጠሚያው ነገር በጣም ትክክል ነው፤ እኔም ልጨምረው ሲገባኝ ያለፍኩት ነው። ጉሙን ግን እዚህ አልመክርም። ከፍተኛ ግፊት ያለው ዓይነት ከ35 ባር ገደማ በላይ፣ እስከ 100 ባርና ከዚያም በላይ ይፈልጋል፤ ይህን የሚሰጥ ፓምፕ፣ የማይዝግ ብረት ቱቦ፣ በጣም የጠራ ውሃ፣ በየጊዜው የሚቀየር ማጣሪያ ይጠይቃል። የመርጫው ቀዳዳ ከመርፌ ዓይን ይጠብባል፤ ደለል ያለበት የሮቶ ውሃ ይደፍነዋል። ኖትር ዳም ሙሉ ጊዜውን የሚከታተለው ባለሙያ አለው። ከእንጦጦ ጀርባ ላለ ደብር ዲያቆን አይቶ የሚረዳው፣ መለዋወጫው መርካቶ የሚገኝ ነገር ነው የሚበጀው።


የሰበካው ጸሐፊ፦

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ለጉባኤው አነበብኩት። መሪጌታ የሥዕል ጠጋኟን ጽሑፍ ሁለቴ አስነበቡኝና «ራሶቹ ከመቅደሱ ግድግዳ ከራቁ፣ ከሥዕሉ በላይ መጋጠሚያ ከሌለ እኔ አልቃወምም» አሉ። የመስመር ዝርጋታው ቅድሚያ እንዲሠራ ተስማምተናል፤ ፎቶውን ወጣቶቹ ጀምረዋል። ንድፉ እንዳለቀ ለሀገረ ስብከቱና ለቅርስ ባለሥልጣን ደብዳቤ እንጽፋለን።

ዳገቱን ግንበኞቻችን በውሃ ልክ እየወጡ ለክተውታል። ከቤተ ክርስቲያኑ ወለል እስከ ላይኛው ሜዳ 34 ሜትር መጣ። ችግሩ ሜዳው የደን መሬት ነው፤ ሮቶ ለማስቀመጥ ካልተፈቀደልን ከታች አስቀምጠን በናፍጣ ፓምፕ ብንገፋውስ? ደግሞ ሌሊት አንድ ራስ ቢከፈት ዘበኛው በምን ያውቃል?


ቧንቧ ዘርጊው፦

34 ሜትር በጣም ጥሩ ነው። ከፍተኛው ራስ ከወለሉ 9 ሜትር ላይ ቢሆን 25 ሜትር ይተርፋል፤ በቱቦው ውስጥ በመፋተግ የሚጠፋው ተቀንሶ እንኳ ራሷ ጋ ከ1 ባር በላይ ይደርሳል። ቢያንስ ግማሽ ባር ነው የምትፈልገው። የመጨረሻውን ስሌት መሐንዲስ ይፈርምበት እንጂ ለፈቃዱ ታገሉለት፤ የሚፈለገው ቦታ ሁለት ሮቶ የሚያስቀምጥ መደብ ብቻ ነው፣ ዛፍ መቁረጥ አይኖርበትም።

የግድ ፓምፕ ከሆነ ከፍታውን አትርሱ። በ3,000 ሜትር ላይ አየሩ ስስ ነው፤ የናፍጣ ሞተር ወረቀቱ ላይ የተጻፈለትን ጉልበት አይሰጥም፣ ስለዚህ ከሚያስፈልገው ተለቅ ያለ ይገዛል። መምጠጡም ይቀንሳል፦ ባሕር ወለል ላይ የአየር ግፊት ውሃን እስከ 10 ሜትር ይደግፋል፣ እናንተ ጋ ግን 7 ሜትር ገደማ ነው። ፓምፑን ከጉድጓድ ውሃ እንዲስብ አታድርጉት፤ ሮቶው ከፓምፑ ከፍ ብሎ ውሃው ራሱ ወደ ፓምፑ ይውረድ። በየሳምንቱም ሞተሩን የሚያስነሣ ሰው በስም ይመደብ።

ለዘበኛው በውሃ ኃይል ብቻ የሚደወል ደወል አለ። በዋናው ቱቦ ውሃ መሄድ ሲጀምር ትንሽ መዘውር ያዞራል፣ መዘውሩ ውጭ ግድግዳ ላይ ያለውን ደወል ይመታል፤ መብራትም ባትሪም አይፈልግም። ዋናው ቫልቭ ክፍት ሆኖ በሰንሰለት ይቆለፍ፣ አንዱ ቁልፍ ዘበኛው ጋ፣ አንዱ ቄሰ ገበዙ ጋ ይሁን። ደወሉን ሲሰማ መጀመሪያ ይጣራል፣ ቀጥሎ በሩን ከፍቶ ያያል፤ ቫልቩን የሚዘጋው እሳቱ መጥፋቱን በዓይኑ ካረጋገጠ በኋላ ብቻ ነው። ይህን ቅደም ተከተል በትልቁ ጽፋችሁ ቫልቩ አጠገብ ለጥፉለት።